በቃሬዛ የመጣው ባትሪ

ውርጌሳ መግቢያ ላይ፣ አስፋልቱ በሚታጠፍበት ቦይ ውስጥ፣ አንድ ነጭ መኪና አፍንጫውን ደፍቶ ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጧል። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልዲያ ሲደርስ፣ ፈንታው የሚባል የወልዲያ ጨርቅ ነጋዴ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ ደሴ ሲሸሽ መኪናው ድንጋይ መታና የፊት ጎማው ከነዘንጉ ተሰበረ። ፈንታውም ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ቤተሰቡን በጭነት መኪና አሳፍሮ ሄደ። ከዚያ ቤንዚን ፈላጊዎች ቱቦ ይዘው መጡ። ዙሪያውን ቢዞሩት የነዳጅ ታንከር የለውም። ኮፈኑን ሰብረው ቢያዩ የሚያውቁት ዓይነት ሞተር የለም። አንደኛው ሦስት ጊዜ እንትፍ አለበትና "ይሄስ የሰው ሥራ አይደለም" እያለ ሄደ። ወሬው ሐራ ድረስ ተሰማ። ሰው ሁሉ በሩቁ ሲያልፈው ፍየሎች ብቻ አልፈሩትም፤ ጣሪያው ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቁበት ነበር።

መርሳ ላይ ደግሞ ረዲ ባትሪ የሚባል ሰው አለ። አባቱ ያወጡለት ስም ረዲ ነው፤ ባትሪውን የጨመረለት ከተማው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና ባትሪ ሲከፍት፣ ሲያጥብ፣ አሲድ ሲቀይር ኖሯል። ሱሪው ሁልጊዜ በአሲድ ተበልቶ ወንፊት ነው። የደከመ ባትሪ ሲመጣለት የሚያደርገው ነገር አይለወጥም፤ መጀመሪያ ክዳኑን ይከፍትና ውሃ ያጠጣዋል። ከአሥር ባትሪ ዘጠኙን የሚገድለው ጥማት ነው ብሎ ያምናል፤ ይህን የሚጠራጠር ሹፌር ካለ ባትሪውን ተሸክሞ ሌላ ቤት ይሂድ።

በዚያ ጥቅምት ግን የተጠማችው ሚስቱ ሀስና ነበረች፤ የተጠማችውም አየር ነው። ሳንባዋ በወጣትነቷ በቲቢ ተጎድቶ ስለነበር ብርድ በገባ ቁጥር ክሊኒክ ትተኛለች፣ ሳምንት ያህል ኦክስጅን ትስባለች፣ ተሽሏት ቀልዷን ይዛ ትመለሳለች። በዚያ ዓመት የምትተኛበት ክሊኒክ አልነበረም። መብራት ከነሐሴ ጀምሮ ጠፍቷል፣ መድኃኒት የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ ነገር ብቻ ተርፎ ነበር። ጎረቤታቸው ነርሷ ህሊና፣ ከክሊኒኳ ሁሉም ነገር ከመወሰዱ በፊት፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራውን መሣሪያ በጋሪ አምጥታ ቤቷ ጎተራ ውስጥ ማሽላ አልብሳ ደብቃው ነበር። መሣሪያው ደህና ነው። የሚያስነሳው ጉልበት ነው የጠፋው።

ረዲ ሱቁ ውስጥ የቀሩትን ሁለት የጭነት መኪና ባትሪዎች አያይዞ፣ ከሙጃሂድ ቪዲዮ ቤት ኢንቨርተር ተውሶ ሞከረ። ኢንቨርተር ማለት የባትሪን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ሳጥን ነው። መሣሪያው ተነሳ፣ ሀስናም ተነፈሰች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪዎቹ ወደቁ። በሶላር መልሶ እስኪሞላቸው ሁለት ቀን ፈጀ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት የሀስና ከንፈር ጠቆረ።

ህሊና ረዲን ደጅ አውጥታ እንዲህ አለችው፦ "አባባ፣ እንዳልዋሽዎት። በዚህ አያያዝ ሳምንት አትደርስም።"

ረዲ ሄዶ አንዱን ባዶ ባትሪ በእርግጫ መታው፤ እግሩን አመመው፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የስድሳ ዓመት ሰው፣ ያውም ረዲ፣ በቀን ብርሃን ሲያለቅስ ግቢው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ተከራይ ነበረች፤ እየሩሳሌም የምትባል፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የላትም። ከረዲ ጋር ስለ ባትሪ ተከራክረው የተኳረፉት ስንት ጊዜ ነው። ያን ዕለት ግን ኩርፊያውን ትታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ጋሽ ረዲ፣ ውርጌሳ የወደቀው መኪና እኮ በባትሪ ነው የሚሄደው። ከወለሉ ሥር አልጋ የሚያህል ባትሪ ተሸክሟል።"

"አልጋ የሚያህል?"

"አዎ። ሊትየም የሚባለው ነው፤ በስልካችን ውስጥ ያለው ዓይነት።"

"ሁለት ወር ዝናብ ሲመታው ከርሞ ምን ቀርቶታል? ሞቷል በይው።"

"እነዚህ ቶሎ አይሞቱም። አንቱ ከሚያውቁት ባትሪ ይለያሉ።"

ረዲ የማያውቀው ባትሪ አለ መባሉ ቆረቆረው። የበለጠ የከበደው ግን ሌላ ነው። መኪናው የሰው ነው። "ሀስናን በሰረቅሁት አየር ላስተነፍሳት ነው?" አለ። ስለዚህ ወደ ቅሬው ሄደ።

ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ የሚቀብር የሠፈር ዕድር ነው፤ ድንኳን አለው፣ ቃሬዛ አለው፣ በዚያ በክፉ ጊዜ ደግሞ የተሰደደውን ሰው ቤትና ከብት በአደራ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ዳኛው ጋሽ ደሳለኝ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሐጂ አብዱልሐሊም፣ "ሰውየው የወልዲያ ነው፤ የኛ ቅሬ አባል አይደለም። በምን መብታችን?" አሉ።

ደሳለኝ ጢማቸውን አሻሹ። "ሐጂ፣ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘን ሰው የማን ቅሬ ነህ ብለን ጠይቀን እናውቃለን? እናነሳዋለን። ዘመዱ ሲመጣ የያዝነውን እናሳየዋለን። መኪናውም እንዲሁ ይነሳ። ብቻ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይጻፍበት፣ ሦስት ምስክር ይቁምበት፤ ባለቤቱ ሲመጣ አንድ ሳይጎድል ይረከባል።"

"አንድ ሳይጎድል" ብሎ ረዲ ቃል ገብቶ የደሳለኝን እጅ መታ።

በማግሥቱ ማለዳ አሥራ ስድስት ሰው ውርጌሳ ወረደ። ከመኪናው ሥር ጎድጉደው ቆፈሩ። እየሩሳሌም ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ የሰፋችውን ጓንት አድርጋ ከመኪናው ወለል አንድ መሰኪያ ነቀለች፤ ከዚያ ብርቱካናማውን ሽቦ ማንም እንዳይነካ አስጠነቀቀች።

"ውስጡ ያሉት ባትሪዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ሦስት መቶ ስልሳ ቮልት ናቸው" አለች።

ረዲ ዕድሜውን ሙሉ አሥራ ሁለትና ሃያ አራት ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ መልሶ ዘጋው። ሽቦ ከሽቦ አጋጭቶ ብልጭታ በማየት ባትሪ መፈተን ልማዱ ነበር፤ እዚህ ያን ቢያደርግ ኖሮ ቅሬው በዚያው የሚቀብረው ሰው ያገኝ ነበር።

ብሎኖቹን ፈትተው ያን ግዙፍ ነገር በገመድ አወረዱት። ክዳኑ ተነሳ። ያን ጊዜ አሥራ ስድስቱም ሰው ጎንበስ አለ። ረዲ የጠበቀው ጥቁር እርሳስ፣ የሚያቃጥል ሽታ፣ ዝገትና ቅርሻት ነበር። ያየው ግን እንደ ተማሪ ደብተር የተደረደሩ፣ አንድ ጠብታ ውሃ የሌለባቸው፣ ሽታ የሌላቸው፣ የሚያብረቀርቁ ጠፍጣፋ ቆርቆሮዎች ነው። አርባ ስምንት። አንዱን አንስቶ ጆሮው ጋ አስጠጋው፤ አወዛወዘው። ውስጡ ምንም አይናጥም። ይህ ዝምተኛ ነገር አምስት ሰው ጭኖ ከወልዲያ እዚህ ደርሷል።

"አጃኢብ!" አለ ረዲ። "ሱብሃነላህ! ያለ እሳት፣ ያለ ጭስ!"

ሐጂ አብዱልሐሊምም አንዱን በመዳፋቸው ዳበሱት። "በዕድሜዬ ይሄን አያለሁ አላልኩም" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እየሩሳሌም ከአንድ እስከ አርባ ስምንት በጠመኔ ጻፈችባቸው። አሁን የቀረው መንገዱ ነው። ከውርጌሳ እስከ መርሳ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ መሐል ላይ ታጣቂዎች የሚፈትሹበት ኬላ አለ። ጄኔሬተር፣ ሶላር፣ ባትሪ የተባለ ነገር አይተው አያልፉም። ያን ጊዜ ጋሽ ደሳለኝ ከኋላ ያስመጧቸውን ሁለት ቃሬዛዎች አስዘረጉ። ሃያ አራቱ በአንዱ፣ ሃያ አራቱ በሌላው ተደረደሩ፣ ነጠላም ለበሱ።

ረዲ ቀፈፈው። "ሬሳ ማስመሰል ነውር አይሆንም?"

"እኛ ምንም አንልም" አሉ ደሳለኝ። "አናለቅስም፣ አንዋሽም። ቃሬዛ እንሸከማለን፤ ተሸክመን እንሄዳለን።"

ሄዱ። በየተራ ትከሻ እየተቀባበሉ፣ በታጨደው ማሽላ መሐል፣ ፀሐዩ አናታቸው ላይ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ገበሬ ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ይነሳል፤ አንዳንዱም ሰባት እርምጃ ይሸኛል። ረዲ የፊተኛውን ቃሬዛ ቀኝ እጀታ ይዞ ነበር። ክብደቱ የአንድ ሙሉ ሰው ነው። እየሄደ ስለ ሀስና ያስባል፤ ካልደረሰ ይህችው ቃሬዛ ነገ ማንን እንደምትሸከም ያውቃልና እርምጃውን ያፈጥናል።

ኬላው ጋ አንድ ወጣት ታጣቂ እጁን ዘረጋ። "ምንድን ነው?"

ጋሽ ደሳለኝ ፊቱን ቀና ብለው አዩት። "ከመንገድ ያነሳነው ነው። የወልዲያ ነው።"

"ሁለት ናቸው?"

"ሁለት ቃሬዛ ነው፣ ልጄ።"

ወጣቱ ነጠላውን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። "ነፍስ ይማር" ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገ። ሰዎቹ ለአርባ ስምንት ቆርቆሮ ነፍስ ይማር ሲባል ሰምተው አንዱም አልሳቀም፤ ረዲ እንዲያውም በልቡ አሚን አለ።

መርሳ ሲደርሱ ከቀትር አልፏል። እየሩሳሌም ኢንቨርተሩን ልታመጣ ሮጠች። ከመሄዷ በፊት "ጋሽ ረዲ፣ እስክመለስ እንዳይነኩት። አንድም እንዳይከፍቱ" ብላ ነበር። ረዲም እሺ ብሎ ነበር፤ ልቡ ግን ሀስና ጋ ነው። እሷ በር ላይ በትራስ ተደግፋ ትንፋሿን እንደ ከባድ ዕቃ እየጎተተች ታየዋለች። ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። የቮልት መለኪያ ቴስተሩን አውጥቶ ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ ጫነ። ሰባት ተኩል አለ።

ሰባት ተኩል! ለአርባ ዓመት አሥራ ሁለት የማይል ባትሪ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በጥማት ግማሽ ሬሳ የሆነ ባትሪ ነው። ምስኪን፣ ሁለት ወር ማንም ውሃ አላጠጣውም። ክዳን ፈለገ፤ የለውም። እንግዲያው ቀዳዳ ይሠራለት። በእጅ መሰርሰሪያው ጫፉን ወጋና የባትሪ ውሃውን ጆግ አዘጋጀ።

ጆጉን ሳያዘነብል ቆርቆሮው አፏጨ። ከዚያ አበጠ። ከዚያ እሳት ተፋ፤ ነጭ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ እንደ ብየዳ ዓይን የሚወጋ እሳት። ረዲ ቀኝ እጁ ሲጠበስ ሥራውን ረስቶ ጮኸ። ውሃ ደፋበት፤ ጠፍቶ መልሶ ነደደ። ግቢው ጣፋጭና መርዛም በሆነ ጭስ ተሞላ፤ ጭሱ ደግሞ ወደ በሩ ሄደ፣ ወደ ሀስና።

የነርሷ ጩኸትና የጎረቤት እግር አንድ ላይ መጣ። ሐጂ አብዱልሐሊም በሁለት ባልዲ አሸዋ ቆርቆሮውን ቀበሩት፤ ሙጃሂድ የቀሩትን ቆርቆሮዎች አራቀ። ህሊና ሀስናን ታቅፋ ወደ ኋላ ግቢ አወጣቻት። ሀስና ታስላለች፣ ከዚያ ማሳልም አቃታት፤ ጣቷ ላይ የተቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ሰባ አንድ አለ፤ ከዘጠና በታች መውረድ የለበትም።

ረዲ እጁ ቆስሎ አፈር ላይ ተንበረከከ። "ገደልኳት" አለ። "በእጄ ገደልኳት። ውሃ ላጠጣው ብዬ!"

ኢንቨርተሩን ይዛ የደረሰችው እየሩሳሌም አሸዋውን አየች፣ እጁን አየች። አልጮኸችበትም። አጠገቡ ተቀምጣ "ጋሽ ረዲ፣" አለችው፣ "እነዚህ ውሃ አይጠጡም። ሰባት ተኩሉ ጤናቸው ነው። ሦስቱን ብናያይዛቸው ስንት ይሆናሉ?"

ረዲ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀበትም። "ሃያ ሁለት ተኩል።" ቀና አለ። "የጭነት መኪና!"

"አዎ። እኔ ንድፈ ሐሳቡን ነው የማውቀው፤ ብሎን አጥብቄ አላውቅም። የአንቱ እጅ ያስፈልገኛል።"

"ያለኝ ግራው ብቻ ነው።"

"ይበቃል።"

እንዲህ ሆኖ ረዲ ባትሪ፣ የመርሳ ኩሩ፣ አስተማሪዋ የምትለውን ሳይቃወም በግራ እጁ ሠራ። ሽቦ ሲይዝ ይጠይቃል፣ ሲያስር ይጠይቃል፣ ከማገናኘቱ በፊት ደግሞ ይጠይቃል። ሦስት ቆርቆሮ ተያያዘ። ኢንቨርተሩ አረንጓዴ መብራቱን አበራ። ነርሷ መሣሪያውን ከማሽላ አቧራው ጠርጋ ሰካችው።

መጀመሪያ አንድ ረጅም ድምፅ ጮኸ። ቀጥሎ ጉርርር አለ፣ እንደ ጥጋበኛ ድመት፣ እኩል እኩል። ህሊና ቱቦውን ሀስና አፍንጫ ላይ አደረገች። ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ የዚያችን ትንሽ መለኪያ ቁጥር ያያል። ሰባ አንድ። ሰባ አራት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ላይ ቆመ፤ ረዲ የራሱን ትንፋሽ ይዞ ነበር። ሰማንያ አራት። ዘጠና።

ሀስና ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን አይታ፣ የባሏን የተጠቀለለ እጅ አይታ፣ "ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው፣ ሞቼ ነው እንዴ?" አለች።

ረዲ ሊስቅ ሞከረና አልቻለም። ነፍስ ይማር የተባለለት ነገር ለሚስቱ ነፍስ ሲመልስ ዓይኑ አየ። እሳቱ ያው ነው እኮ፣ አለ በልቡ፤ እጄን የበላው እሳትና አሁን ሀስናን የሚያስተነፍሳት አንድ ናቸው። ይህን ያህል ኃይል ደብተር በምታክል ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ድምፅ ተቀምጦ ሁለት ወር ፍየል ሲረግጠው ኖረ። ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተራ ሆነ። ከአርባ ሰባቱ አሥራ አምስት እሽግ ወጣ፤ አንዱ እሽግ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ይሠራል፣ ሲደክም ሌላው ይተካል። የደከሙትን ለመሙላት ከመስጊዱ ጣሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሙጃሂድ ቪዲዮ ቤት ሶላር ተሰበሰበ። ረዲ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቴስተሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ሃያ አራት ሲደርስ ይነቅላል፤ አንድ ነጥብ አሳልፎ አያውቅም። ውሃ የያዘ ሰው በዚያ በኩል ካለፈ ይጮህበታል። ሀስና ስትበረታ መሣሪያውን ከሌሎች ጋር መካፈል ጀመረች፤ ሁለት ሕፃናትና አንድ ገበሬ ከሷ ጋር በየተራ ተነፈሱ።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ መንገዱም ተከፈተ። መብራት ገና አልመጣም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ደሳለኝ አንድ ቀጭን ሰው አስከትለው ግቢው ገቡ። "ባለቤቱ ነው። ፈንታው ይባላል" አሉ።

ረዲ ይህን ቀን ሲጠብቅና ሲፈራ ነው የከረመው። ቆርቆሮዎቹን በቁጥራቸው ደረደረለት፣ ሦስቱም ምስክሮች ቆሙ። ፈንታው ቆጠረ። ሠላሳ ደርሶ ወደ ሠላሳ ሁለት ዘለለና ቀና አለ።

ረዲ ጠባሳ የሆነ ቀኝ መዳፉን ዘረጋ። "ሠላሳ አንደኛው እዚህ አለ። ውሃ ላጠጣው ብዬ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አማናህን፣ አደራህን፣ አጉድያለሁ። አፉ በለኝ።"

ፈንታው መዳፉን አገላብጦ አየ። ከቤት ውስጥ ያ ጉርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። "የሚጮኸው ምንድን ነው?" አለ።

"መኪናህ ነው" አሉ ደሳለኝ።

ነገሩን ሁሉ ነገሩት። ፈንታው ቆርቆሮዎቹ አጠገብ ቁጭ አለ። መናገር ሲጀምር ያፈረ ሰው ድምፅ ነበረው። "ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ለባለሙያ አሳይቼው ነበር። ይሄ ባትሪ አልቆለታል፣ አውጥተህ ጣለው፣ ቆሻሻ ነው አሉኝ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ያን ቀን ሸሽቼ ስመጣ ውርጌሳ ላይ ግማሹ አልቋል፤ ደሴ እንደማያደርሰኝ አውቄያለሁ። የቀረውን የባትሪ ቁጥር እያየሁ ስጨነቅ ነው ድንጋዩን ያላየሁት።"

ሀስና ቱቦዋን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች፣ ግድግዳውን ተደግፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"ደሴ ማድረስ ያቃተው ነው" አለች፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሰች፣ "እኔን ታኅሣሥ ያደረሰኝ?"

ፈንታው ቀና ብሎ አያት፣ የምትተነፍሰውን ደረቷን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሳብ አድርጎ አንድ ቁጥር ላይ ያለውን ጠመኔ ጠረገው። ሁለት ቁጥርን ጠረገ። ሦስትን ጠረገ።

"ኧረ ምን እያደረግህ ነው?" አለ ረዲ ደንግጦ። "በምን ልናስረክብህ ነው?"

"ቁጥር የሚጻፈው ለሚመለስ ዕቃ ነው" አለ ፈንታው፣ አራትን እየጠረገ።